ባትሪ ለመቆጠብ ብላችሁ የልብ ምቱን አታጥፉት



የዛሬው ጽሑፍ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ጨጓራ አይደለም። ስለ ስማርት ዋች ባትሪ ነው። «ዶክተር፣ ሞባይል ቤት ከፈትክ እንዴ?» የምትሉኝ እንደማትጠፉ አውቃለሁ፤ ግን ትንሽ ታገሱኝ። ነገሩ የጀመረው እዚሁ ምርመራ ክፍሌ ውስጥ ነው።

ባለፈው ጥር አንዲት እናት በልጅ ልጃቸው ታጅበው መጡ። (ታሪኩን እንዳካፍላችሁ ፈቅደውልኛል፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ነገር ቀይሬዋለሁ።) ዕድሜያቸው 68 ነው፣ ደም ግፊት አለባቸው፣ መድኃኒታቸውን በሥርዓት ይወስዳሉ። ጠዋት ቡና እየጠጡ ሳለ ስኒው ከእጃቸው ወደቀ። ላንሳው ሲሉ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ልጁ «እማዬ ምን ሆንሽ?» ሲላቸው ለመመለስ ቢሞክሩም ምላሳቸው ተሳሰረ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየና እንደመጣው ጠፋ። እጃቸውም ሠራ፣ አንደበታቸውም ተመለሰ። እሳቸውማ «ብርድ መትቶኝ ነው፣ ቡናዬን ልጨርስበት» ብለው ነበር። ልጁ ግን እሺ አላለም፤ በራይድ ጭኖ ይዟቸው መጣ። እግዜር ይስጠው።

እንዲህ መጥቶ የሚያልፈውን ነገር እኛ ሐኪሞች ቲአይኤ እንለዋለን። ሰው «ትንሹ ስትሮክ» ይለዋል። አለፈ ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም፤ ዋናው ስትሮክ ከኋላው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ሊከተል ይችላል። እጃቸውን ይዤ የደም ስራቸውን ትርታ ስዳስስ አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይዘገያል፣ አንዱ ይዘለላል። ምንም ዓይነት ምት የለውም። ኢሲጂ አነሳን፤ እንደጠረጠርኩት ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሆነ። ይህ የላይኛው የልብ ክፍል በሥርዓት መምታቱን ትቶ የሚንቀጠቀጥበት የልብ ምት መዛባት ነው። ደሙ እዚያ ውስጥ በደንብ ስለማይንቀሳቀስ ይረጋል። የረጋው ደም ተነስቶ ወደ ጭንቅላት ከሄደ ስትሮክ ነው። ይህ ችግር ያለበት ሰው በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ ከሌለበት ሰው አምስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ደስ የሚለው ነገር መድኃኒት አለው። ደም ማቅጠኛ የምንለው መድኃኒት አደጋውን በጣም ይቀንሳል፤ ግን ችግሩ መኖሩ አስቀድሞ ከታወቀ ነው።

የእኚህን እናት ግራ እጅ ሳይ አፕል ዋች አስረዋል። ልጃቸው ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። ሊጠይቋት ሄደው ስድስት ወር ተቀምጠው ሲመለሱ፣ «የእናቷን ልብ የሚጠብቅ» ብላ ገዝታ፣ የልብ ምት ማስጠንቀቂያውን እዚያው ከፍታ አስራላቸዋለች። እኔም ደስ አለኝ። «እስቲ ስልኩን አሳየኝ» አልኩት ልጁን። ምቱ መዛባት የጀመረበት ጊዜ ከታወቀ ለእኔ ትልቅ መረጃ ነው።

የልብ ምቱን ገጽ ከፈትነው። እስከ መስከረም መጀመሪያ በየቀኑ ነጥብ በነጥብ ነው። ከዚያ በኋላ ባዶ። አራት ወር ሙሉ አንዲት ነጥብ የለም።

ልጁ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። «ዶክተር፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለኝ። ባትሪው እያለቀ ሲያስቸግራቸው «ባትሪ የሚቆጥቡ አሥር ዘዴዎች» የሚል ቪዲዮ አይቶ፣ ከአሥሩ አንዱ የልብ ምት ሴንሰሩን መዝጋት ነበርና ዘጋው። ባትሪው ሁለት ቀን መቆየት ጀመረ። አያቱም መረቁት።

እውነቱን እንነጋገር። ሴንሰሩ ክፍት ቢሆን ኖሮ በእርግጠኝነት ያስጠነቅቃቸው ነበር አልላችሁም፤ ሊያስጠነቅቅም ላያስጠነቅቅም ይችል ነበር። ልጁንም ይህንኑ ነው የነገርኩት፤ ደግሞም አያቱን ወደ ሕክምና ያመጣቸው እሱ ነው። ግን ሰዓቱ የተገዛበት አንድ ሥራ ነበረው፤ ሌላው ሁሉ ሲቀር ይህ መቅረት አልነበረበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓት ያሰረ ታካሚ ሲመጣ ሴቲንጉን እጠይቃለሁ፤ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ የልብ ምቱን የዘጋ ሰው ስንቱን አገኘሁ መሰላችሁ።

እንግዲህ ባትሪውን ማቆየት ይቻላል፤ የልብ ምቱን ሳትነኩ ማለት ነው።

መጀመሪያ ባትሪውን የሚበላው ምን እንደሆነ እንወቅ። የእጅ ሰዓት ባትሪ በጣም ትንሽ ነው። የስልካችሁ ባትሪ ከ4000 እስከ 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ቢይዝ፣ የብዙዎቹ ሰዓቶች 300 አካባቢ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። አፕል ራሱ ለአብዛኞቹ ሰዓቶቹ ለረጅም ጊዜ ሲናገር የኖረው 18 ሰዓት ነው። ስለዚህ «ሰዓቴ በቀን አንዴ ቻርጅ ይፈልጋል፣ ተበላሽቷል መሰለኝ» የምትሉ፣ አልተበላሸም፤ ሲሠራም እንዲሁ ነው። እንደ ሁዋዌ ዋች ጂቲ ያሉት አንዳንዶቹ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያሉ ተብለው ይሸጣሉ፤ ነገር ግን የሚያሄዱት አፕ ጥቂት ስለሆነ ነው። ሁሉም በኪሱ ልክ ይበላል።

ከባትሪው ትልቁን ጉርሻ የሚወስደው ስክሪኑ ነው። እጃችሁን ባታነሱም ሁልጊዜ እንዲበራ የሚያደርገውን «ኦልዌይስ ኦን» የሚባለውን አጥፉት። የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጉት። ደግሞ የሰዓቱን ፊት ጥቁር የሆነ ምረጡ። ለውበት አይደለም፤ የብዙዎቹ ሰዓቶች ስክሪን ኦሌድ ስለሆነ ጥቁሩ ቦታ ጭራሽ አይበራም፣ ባትሪም አይወስድም። የልጅ ልጅ ፎቶ ከበስተጀርባ የለጠፋችሁ እናቶች ይቅርታ፤ ፎቶው በስልካችሁ ላይ ይኑር።

ቀጥሎ ኖቲፊኬሽን። የሠርግ ኮሚቴ የቴሌግራም ግሩፕ በቀን ሁለት መቶ መልእክት ሲልክ፣ ሰዓቱ ሁለት መቶ ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ ሁለት መቶ ጊዜ ይበራል። ሰዓቱ ላይ ስልክ ጥሪና የቤተሰብ መልእክት ብቻ ይግባ፤ ሌላው ስልኩ ላይ ይጠብቃችሁ። ይህኛው ለባትሪውም ለጭንቅላታችሁም ጥሩ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ደም ግፊቴ ጨመረ» ብላችሁ የምትመጡት ከዚያ ግሩፕ ይመስለኛል (ቀልድ ነው፣ ግን በጣምም ቀልድ አይደለም)።

ጂፒኤስ ደግሞ የምር ባትሪ ይጠጣል። እንጦጦ ፓርክ ለምትሮጡ ይብራ፤ ከቤት እስከ ታክሲ ተራ ላለው ግን አያስፈልግም። ስልክ ይዛችሁ የምትሮጡ ከሆነ ሙዚቃውን ከሰዓቱ ሳይሆን ከስልኩ አጫውቱት።

አንድ ሰዎች ተሳስተው የሚያደርጉት ነገር አለ፤ ባትሪ ለመቆጠብ ብለው የስልካቸውን ብሉቱዝ ያጠፋሉ። ተገላቢጦሽ ነው። ሰዓትና ስልክ የሚነጋገሩበት ከሁሉ የሚቀልለው መንገድ ብሉቱዝ ነው። እሱን ስትዘጉበት ሰዓቱ በዋይፋይ ወይም በኔትወርክ ልሂድ እያለ ይበልጥ ይደክማል።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ፤ ወደ ሴንሰሮቹ።

ሰዓቱ ከሥሩ አረንጓዴ ብርሃን ሲያበራ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ደም ቀይ የሆነው አረንጓዴ ብርሃንን ስለሚውጥ ነው። ልብ ስትመታ አንጓችሁ ላይ ያለው ደም ይጨምራል፣ ብርሃኑም ይበልጥ ይዋጣል፤ በሁለት ምት መካከል ይቀንሳል። ሰዓቱ ይህንን እየቆጠረ ነው የልብ ምታችሁን የሚያውቀው። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ግን ሰዓቱ ከቆዳችሁ ጋር በደንብ መነካካት አለበት። ሰዓቱ ከላላ፣ ወይም ሥሩ በላብና በቅባት ከቆሸሸ፣ አፕል ዋች ምቱን ለማግኘት ሲል ብርሃኑን ያደምቀዋል፣ ቶሎ ቶሎም ይለካል። ምን ማለት ነው? የላላ ሰዓት ባትሪ ይጨርሳል፣ ንባቡም የተሳሳተ ይሆናል። እንደ አምባር የምታንጠለጥሉት እህቶች ይህ ለእናንተ ነው። ከአንጓው አጥንት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ፣ ቆዳን ሳያንቅ እንዳይንቀሳቀስ አድርጋችሁ እሰሩት። ሥሩን በየቀኑ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ማሰሪያው ሥር ቆዳችሁ የሚቀላና የሚያሳክካችሁም ብዙውን ጊዜ ከታፈነ ላብና ሳሙና ነውና በዚያው ይፈታል።

ከሴንሰሮቹ ውስጥ መጥፋት ያለበት ካለ፣ እኔ የማጠፋው ቀዩን ብርሃን ነው፤ በራሱ ጊዜ እየተነሳ ኦክስጅን የሚለካውን ማለቴ ነው። አንደኛ፣ ባትሪ ይወስዳል፣ በተለይ ሌሊት። ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፤ እዚህ የጤነኛ ሰው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው ትንሽ ዝቅ ቢል አይገርምም። ሰዓቱ 93 ብሎ ባሳየ ቁጥር ሌሊት ደንግጣችሁ የምትደውሉልኝ ቁጥራችሁ ቀላል አይደለም። ሦስተኛ፣ በብርሃን ኦክስጅን የሚለኩ መሣሪያዎች፣ የሆስፒታሎቹም ጭምር፣ በጠቆረ ቆዳ ላይ ሊሳሳቱ እንደሚችሉ እ.ኤ.አ. በ2020 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጣ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ ሐኪማችሁ በተለየ ምክንያት ካላዘዛችሁ፣ ይህን ብታጠፉት የሚቀርባችሁ ነገር ትንሽ ነው።

የልብ ምቱን ግን ተዉት። አፕል ዋች ላይ «ፕራይቬሲ» በሚለው ሥር «ሃርት ሬት» የሚለው መብራት አለበት። ሳምሰንግ የያዛችሁ፣ የልብ ምት መለኪያው ሦስት ምርጫ ይሰጣችኋል፤ ሁልጊዜ፣ ዐረፍ ስትሉ በየአሥር ደቂቃው፣ ወይም እናንተ ስትነኩት ብቻ። ባትሪ ካሳሰባችሁ የመካከለኛውን ውሰዱ፤ የመጨረሻውን ግን አትምረጡ።

«ሎው ፓወር ሞድ»ንም በጥንቃቄ። አፕል ዋች ላይ ይህንን ስታበሩ ባትሪው እጥፍ ገደማ ሊቆይ ይችላል፤ ግን ከሚዘጋቸው ነገሮች መካከል የልብ ምት ከበስተጀርባ መለካቱና የተዛባ ምት፣ የፈጠነና የዘገየ ምት ማስጠንቀቂያዎቹ ይገኙበታል። መብራት ጠፍቶ፣ መንገድ ላይ ሆናችሁ፣ ለአንድ ቀን ችግር የለውም። በየቀኑ የምትኖሩበት ግን አይደለም።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነውና። ሰዓታችሁን መቼ ነው ቻርጅ የምታደርጉት?

«ማታ ስተኛ» አላችሁ አይደል? እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

ሰዓቱ የምት መዛባትን የሚፈልገው ሰውነታችሁ ዝም ሲል ነው። እጃችሁ ሲወዛወዝ፣ ሊጥ ስታቦኩ፣ ታክሲ ላይ ተንጠልጥላችሁ፣ ብርሃኑ ይረበሻል፣ ምቱ አይነበብም። አፕል ዋች ደግሞ አንዴ ስላየ ብቻ አይጮህም። ቢያንስ በ65 ደቂቃ ውስጥ በተደረጉ አምስት ፍተሻዎች ላይ መዛባት ሲያገኝ ነው የሚያስጠነቅቀው። ታዲያ ሰውነታችን ከሁሉ ይበልጥ ረጅም ሰዓት ዝም የሚለው መቼ ነው? ሌሊት። እኛ ደግሞ ያንን ሰዓት ነው ሰዓቱን ኮሞዲኖ ላይ አስቀምጠን የምንተኛው። ዘበኛውን ቀን አሠርቶ ማታ ወደ ቤቱ እንደመሸኘት ማለት ነው።

እንግዲያውስ መቼ ቻርጅ ይደረግ? በትንሽ በትንሹ፣ ቀን። ሻወር ስትገቡ፣ ጠዋት ስትለባብሱ፣ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣችሁ። አዳዲሶቹ አፕል ዋቾች፣ ከሲሪስ 7 ወዲህ ያሉት፣ ትክክለኛው ፈጣን ቻርጀር ካላቸው ከዜሮ እስከ 80 በመቶ በ45 ደቂቃ ገደማ ይሞላሉ። 45 ደቂቃ ማለት እኮ ከአቦል እስከ በረካ ነው! ለእኚያ እናት የሰጠኋቸው ትእዛዝም ይኸው ነበር፤ ቡናው ሲቆላ ሰዓቱ ይፈታል፣ በረካው ሲጠጣ ይታሰራል። ከምሽት በፊት 30 በመቶ ካለው ሌሊቱን ያድራል። አፕልም ማታ ከ30 በታች ሲሆን ነው ቻርጅ አድርጉኝ እያለ የሚያስታውሳችሁ።

ሌሊት ደግሞ የእንቅልፍ ሞዱን አብሩት። ስክሪኑ ይጠፋል፣ መልእክቱም ዝም ይላል። ባትሪው ተቆጠበ፣ እናንተም ተኛችሁ፣ ሴንሰሩ ግን ሥራውን ይሠራል።

አንድ ነገር ብቻ፤ ከከሰሉ አጠገብ አታስቀምጡት። የሊቲየም ባትሪ ጠላቱ ሙቀት ነው። አፕል ዋች እንዲሠራበት የታሰበው የአየር ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ረከቦቱ ሥር፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ፣ ስቲም ውስጥ የሚከርም ባትሪ ዕድሜው ያጥራል። ዱባይ፣ ኩዌት፣ ሪያድ ያላችሁ እህት ወንድሞቼ፣ የእናንተ በጋ ከ35 በጣም ስለሚያልፍ ውጪ የምትሠሩ ከሆነ ሰዓቱ ቶሎ ቢዳከም ወይም ሙቀት በዛብኝ ብሎ ቻርጅ እንቢ ቢል አይግረማችሁ። ጥላ ውስጥ፣ አሪፍ ክፍል ውስጥ ቻርጅ አድርጉት። (እናንተም ውኃ ጠጡ፤ ለዚያ ሌላ ጽሑፍ አለኝ።)

መብራት ሲጠፋስ? ፓወር ባንክ ይበቃል። 10,000 የሚለው ፓወር ባንክ የአንድን ሰዓት ባትሪ ብዙ ጊዜ ይሞላል። ነገር ግን አንዳንዱ ፓወር ባንክ ሰዓቱ የሚወስደው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ስለሆነበት «ምንም አልተሰካብኝም» ብሎ ራሱን ያጠፋል። ሌሊቱን ሙሉ ሰክታችሁ ጠዋት ባዶ ካገኛችሁት ሰዓቱ ሳይሆን ፓወር ባንኩ ሊሆን ይችላል። ስልካችሁንም አብራችሁ ሰኩበት፤ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ሁለት ሦስት ዓመት የቆየ ሰዓት ከሆነ ደግሞ ሴቲንግ ምንም ቢነካካ ላይረዳ ይችላል፤ ባትሪው አርጅቷል። አፕል ዋች «ባትሪ» የሚለው ውስጥ «ባትሪ ሄልዝ» በመቶኛ ያሳያችኋል። የአፕል ዋች ባትሪ የተሠራው ከ1000 ሙሉ ቻርጅ በኋላ እስከ 80 በመቶ አቅሙን እንዲይዝ ነው። ከ80 በታች ከወረደ ባትሪውን ማስቀየር ነው መፍትሔው። ያገለገለ ሰዓት የምትገዙ፣ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ይህችን ቁጥር ተመልከቱ።

ስለ ባትሪ ካነሳሁ አይቀር፣ ባትሪው ቶሎ ማለቁ ራሱ ምልክት የሆነበት ታካሚም አለኝ። ወጣት ነው፣ 29 ዓመቱ፣ ባንክ ነው የሚሠራው። «ዶክተር፣ ሰዓቴ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያልቃል፣ የትኛውን ልግዛ?» ብሎ ነው የጀመረልኝ። እያወራን ሁለቴ ኢሲጂ አነሳ። ጣቱን አስቀምጦ ሠላሳ ሴኮንድ፣ ያያል፣ እንደገና። አባቱ በልብ ሕመም በድንገት ነው የሞቱት። እሱ በቀን ሠላሳ አርባ ጊዜ ይለካል፤ ሌሊት ነቅቶም ይለካል። ልቡ ደህና ነው፣ አስተካክለን መርምረነዋል። ባትሪውን የጨረሰው ፍርሃቱ ነበር።

ይህ የእሱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ሐኪሞች ስለ አንዲት የ70 ዓመት ሴት ጽፈው ነበር፤ በአንድ ዓመት 916 ጊዜ በሰዓቷ ኢሲጂ አንስታለች። ለልጁ ሌላ ሰዓት አላዘዝኩለትም። በቀን አንዴ፣ ወይም የሚሰማው ምልክት ሲኖር ብቻ እንዲለካ ተስማማን፤ ከሥነ ልቦና ባለሙያም ጋር አገናኘሁት። አሁን ባትሪው እስከ ማታ ይደርሳል።

ሰዓቱ ቢያስጠነቅቃችሁም መጀመሪያ አትደንግጡ። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከ400,000 በላይ ሰዎች ላይ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመው ጥናት ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው 0.52 በመቶ ብቻ ናቸው። ከእነሱም ውስጥ ደረት ላይ የሚለጠፍ መመርመሪያ አድርገው ከመለሱት ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተገኘባቸው 34 በመቶ ናቸው፤ የሚመጣና የሚሄድ ሕመም ስለሆነ በዚያ ሳምንት ያልታየባቸውም ይኖራሉ። ማስጠንቀቂያ ማለት «ተመርመሩ» ማለት ነው እንጂ «ታማችኋል» ማለት አይደለም። ወደ ሐኪም ሂዱና ኢሲጂ ተነሱ። አንዳንዱ የልብ አገልግሎት በሁሉም አገር እንደማይከፈትም ልብ በሉ፤ ሰዓት ከውጭ የምታስልኩ ይህንን አስቀድማችሁ አጣሩ።

የልብ ድካምን ወይም የልብ ጡንቻ መታፈንን ግን ሰዓት አያውቅም። ደረታችሁን ጨምድዶ ከያዛችሁ፣ ወደ እጅ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ካላባችሁና ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ሰዓቱ «ደህና» ቢልም ወደ ሆስፒታል። ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተያዘም እንዲሁ፤ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ቢጠፋ እንኳ።

በኤትሪያል ፊብሪሌሽን መያዛችሁ ቀድሞ የታወቀ ሰዎች ደግሞ፣ አፕል ዋች ላይ ምቱ በሳምንት ስንት በመቶ ተዛብቶ እንደሚውል የሚያሳይ ሌላ ክፍል አለ። እሱ እንዲሠራ በሳምንት ቢያንስ አምስት ቀን፣ በቀን 12 ሰዓት መታሰር አለበት። እዚህ አገር ይህ ሕመም በሽማግሌ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ በልጅነት ከደረሰ የጉሮሮ ቁስለት ተነስቶ የልብ ቫልቭ የተጎዳባቸው ወጣቶችም ይያዛሉ። ስለዚህ «ገና ወጣት ነኝ» ብላችሁ የልብ ምት መዘበራረቅን ችላ አትበሉ።

ደግሞ አንድ ነገር። በየሱቁ «ደም ስኳር ይለካል፣ ሳይወጋ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ሰዓት አለ። አንዱ ታካሚዬ አምጥቶልኝ ጠረጴዛዬ ላይ ባለ ሙዝ ላይ አሰርነው። የሙዙ የልብ ምት 76 ሆነ። ስኳሩንም ነገረን። የአሜሪካው ኤፍዲኤ በየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ቆዳ ሳይበሱ ስኳር እንለካለን የሚሉ ሰዓቶችንና ቀለበቶችን እንዳንጠቀም አስጠንቅቋል፤ አንዳቸውንም አልፈቀድኩም ብሏል። በዚህ ቁጥር ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሕይወቱን ነው የሚያስይዘው። የእንዲህ ዓይነቱ ሰዓት ባትሪ ሳምንት ቢቆይ ምን ይጠቅማል?

እኚያ እናት አሁን ደህና ናቸው። ሲቲ ስካን ተነስተው፣ የደም መፍሰስ አለመኖሩ ተረጋግጦ፣ ደም ማቅጠኛ ጀምረዋል። ባለፈው ወር ለክትትል ሲመጡ ልጁ ስልኩን ሳልጠይቀው ከፍቶ ሰጠኝ፤ ነጥቦቹ ተመልሰዋል፣ ሌሊቱም ጭምር። «ቻርጅ ማድረጉ አላስቸገረዎትም?» ስላቸው ሳቁ።

«ኧረ ልጄ ተገላገልኩ እንጂ። ድሮ ገና ሁለተኛውን ስኒ ሳልጨርስ ተነሺ፣ ቁሚ፣ ተንቀሳቀሺ እያለ ይጨቀጭቀኝ ነበር። አሁን በቡና ሰዓት እሱም ቻርጅ ላይ ነው፤ አይጨቀጭቀኝም።»